«አዋጅ ቁጥር 1 ስጡኝ» ሲባል፦ የመንግሥት ሰነዶችን ለሚይዙ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች

አንድ አንባቢ ወደ ማጣቀሻ ክፍል ገብቶ «የ1987ቱን አዋጅ ቁጥር 1 ፈልጌ ነበር» ቢላችሁ፣ አብዛኞቻችሁ ሳታመነቱ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት የታወጀበትን ጋዜጣ ታነሣላችሁ። በአማርኛ ሕግ ለሚያነብ ሰው ይህ ትክክል ነው። ሰውየው ቁጥሩን የገለበጠው በእንግሊዝኛ ከተጻፈ መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ከሆነ ግን የሚፈልገው ሌላ ሰነድ ነው። በጎርጎርዮሳዊው 1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1 የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት የታወጀበት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር 1980 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ ያው፣ በወረቀት ላይ የሚታየው ዓመትም ያው፤ ሰነዶቹ ግን የሁለት የተለያዩ መንግሥታት ሕገ መንግሥቶች ናቸው።

ጣጣው በእነዚህ በሁለቱ አያበቃም። ነጋሪት ጋዜጣ ራሱ በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1 ነው። ደርግ በ1967 ሥልጣን ሲይዝ አዋጆቹን እንደገና ከአንድ ጀመረ። በ1980 ኢሕዲሪ ሲመሠረት ቁጥሩ ዳግም ወደ አንድ ተመለሰ። የሽግግር መንግሥቱም በ1983፣ የፌዴራሉም መንግሥት በ1987 እንዲሁ አደረጉ። ስለዚህ ዓመት ያልተጻፈበት የአዋጅ ቁጥር ለባለሙያ ምንም አይነግረውም፤ ዓመቱ ተጽፎም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልታወቀ ግማሽ መልስ ነው።

ከዚህ ምሳሌ የተነሣሁት አንድ ነገር ለማለት ነው። በብዙ ቤተ መጻሕፍቶቻችን የስብስብ ሥራና የማጣቀሻ አገልግሎት እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተይዘዋል። ግዥና ካታሎግ የሚሠሩት በጓሮ ክፍል፣ አንባቢን የሚያስተናግዱት በፊት ለፊት ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ ሲገናኙም በሻይ ሰዓት ነው። ካታሎግ የሚሠራው ሰው አንባቢ እንዴት እንደሚጠይቅ ካልሰማ ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን መመዝገብ እንዳለበት ከየት ያውቃል? ጠረጴዛው ላይ ያለውስ የጎደለውን ሰነድ ለማን ይነግራል? በተለይ የመንግሥት ሰነዶች ላይ ስብስብን መምራት ያለበት የአንባቢ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። እነዚህ ሰነዶች እንደ መማሪያ መጽሐፍ ከአሳታሚ ዝርዝር ተመርጠው አይገዙም። ሰው የጎደለውን ነግሮን፣ ፈልገን፣ ደብዳቤ ጽፈን፣ አንዳንዴም ከመጣያ አድነን የምናገኛቸው ናቸው።

መነሻው የጥያቄ መዝገብ ነው። ብዙዎቻችን በየሩብ ዓመቱ የተገልጋይ ቁጥር ሪፖርት እናደርጋለን፤ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት እያልን። ይህ ቁጥር ለበጀት ክርክር ይጠቅም ይሆናል፤ ለስብስብ ሥራ ግን አይጠቅምም። ስንት ሰው እንደገባ ሲነግረን ስንቱ ባዶ እጁን እንደወጣ አይነግረንም። አንድ ደብተር አስምሩና ቀኑን፣ አንባቢው በራሱ አፍ ያለውን፣ ከተነጋገራችሁ በኋላ የሚፈልገው ሆኖ የተገኘውን፣ ተገኝቶ ወይም ሳይገኝ መቅረቱንና ወዴት እንደተላከ ጻፉበት። ስም አይጻፍበት። የመሬት ክርክር ወይም የሥራ ስንብት ይዞ የመጣ ሰው ጉዳዩ በመዝገብ ላይ ስሙን ይዞ መቀመጡን አይወድም፣ መብቱም ነው። «ያልተገኘ» የሚለው ዓምድ በየወሩ መጨረሻ ለግዥ ክፍሉ ይሰጥ። ከማውቃቸው የምርጫ መሣሪያዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ዓምድ ነው።

ሁለተኛው ዓምድና ሦስተኛው ዓምድ ለምን እንደሚለያዩ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሚፈልገውን ሳይሆን እናንተ ዘንድ ይኖራል ብሎ የገመተውን ነው። «የሠራተኛ ሕግ አለ?» ይላል። መደርደሪያው ላይ ያለውን የቅርቡን አዋጅ ሰጥቶ መሸኘት ቀላል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ግን በ1985 በአዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 በአዋጅ ቁጥር 377፣ በ2011 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1156 ተተክቷል። የ1996ቱ ብቻውን በ466/1997፣ በ494/1998 እና በ632/2001 ተሻሽሏል። ሰውየው ከሥራ የተሰናበተው በ2009 ከሆነና ክርክሩ ከዚያ የቀጠለ ከሆነ የሚያስፈልገው 377/1996 ከነማሻሻያዎቹ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩን የሚገዛው ጨርሶ ሌላ አዋጅ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቁት ሁለት ጥያቄዎች «ነገሩ የተፈጠረው መቼ ነው?» እና «ቀጣሪው ማን ነበር?» የሚሉት ናቸው።

አጠያየቁ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ለምን ፈለጉት?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ምርመራ ይመስላል። «ከየት ተልከው ነው?» ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ አንባቢው የተቋም ደብዳቤ ካላመጣ የማይስተናገድ ይመስለዋል። ቃሉን ለወጥ ማድረግ ብዙ ነገር ይለውጣል፦ «ጉዳዩን ትንሽ ቢነግሩኝ የሚቀርበውን ላገኝልዎት እችላለሁ።» ወይም «ይህን ቁጥር ያገኙት ከየት ነው? ወረቀቱ ካለዎት ልየው።» ያ ወረቀት ብዙ ጊዜ ከማብራሪያው ይሻላል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የቀበሌ ደብዳቤ ወይም የመጽሐፍ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ የአቆጣጠሩን ነገር ያኔ ትለያላችሁ። በዕድሜ የገፉ ሰው ሲመጡ «አባባ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር መስጠት ከጨዋነት አልፎ የሥራው አካል ነው። የቆመ ሰው ጥያቄውን ያሳጥራል፤ የተቀመጠ ሰው ታሪኩን ይናገራል፤ የምትፈልጉት ዓመትና ቁጥር ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው።

ድንበሩም እዚሁ ይነገር። ጽሑፉን እናቀርባለን፤ አንተረጉምም። ማንበብ ለማይችል ሰው አንቀጹን እንደተጻፈ ማንበብ ይገባል። «ታዲያ እኔ አሸንፋለሁ ማለት ነው?» ሲሉን ግን መልሳችን «ይህን የሕግ ባለሙያ ይንገርዎ» መሆን አለበት፤ የምንልክበትንም ቦታ ማወቅ አለብን። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው የሚያስተዳድሯቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የአካባቢያችሁን ማዕከል አድራሻና የሥራ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ለጥፉ። አንባቢን «እኛ ጋ የለም» ብሎ መሸኘት ማጣቀሻ አገልግሎት አይባልም።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንሂድ። ነጋሪት ጋዜጣን በአዋጅ ርእስ ወይም በአዋጅ ቁጥር ለመደርደር የሚሞክሩ አሉ። እትሞቹን እየበተኑ የመሬቱን በመሬት፣ የግብሩን በግብር ፋይል ያደረገ ቤተ መጻሕፍትም አጋጥሞኛል። ይህ መደረግ የለበትም። በተለይ በቀደሙት ዘመናት አንድ እትም ከአንድ በላይ ሕግ ይይዛል፤ የገጽ ቁጥሩም ከእትም ወደ እትም እየተያያዘ ይሄዳል። እትሙ ከተበተነ «በገጽ ይህን ያህል» ተብሎ የተጠቀሰውን ማንም አያገኘውም። ቦታውን የሚወስነው በእትሙ ራስጌ ላይ የታተመው ነው፦ ስንተኛ ዓመት፣ ቁጥር ስንት፣ የወጣበት ቀን። ጋዜጦቹ በዚህ ቅደም ተከተል ይቀመጡ። በሕጉ ቁጥር፣ በርእሱና በጉዳዩ መፈለግ ደግሞ የካታሎጉ ሥራ ነው።

ከመጠረዙ በፊት መቁጠር ይቅደም። ሁለትና ሦስት ቁጥር ጎድሎ የተጠረዘ ቅጽ ሙሉ ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው አንባቢ ሲመጣ ነው። በየቅጹ መጀመሪያ የጎደሉት ቁጥሮች ዝርዝር ይለጠፍ፤ ያው ዝርዝር በካታሎግም ይግባ። ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት ልዩ እትሞች ናቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በልዩ እትም ነው የወጣው። እንዲህ ያሉት ኮዶች ወፍራም በመሆናቸው ከዓመቱ ጥራዝ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ እየተዋሱም ሳይመለሱ ይቀራሉ። የስህተት ማረሚያዎችም እንዲሁ ናቸው። አንድ ገጽ የሆነች ማረሚያ ከእጅ ስትጠፋ አንባቢው የተሳሳተውን አንቀጽ ይዞ ይሄዳል።

በጋዜጣው ላይ በእስክርቢቶ «ተሽሯል» ብላችሁ አትጻፉ። ማሻሻያውና መሻሩ በካታሎጉ ማስታወሻ ወይም በመካከል በምትገባ ንጹሕ ወረቀት ይመዝገብ። የተሻረ ሕግ የሞተ ሕግ አይደለምና። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኗል፤ ወራሾች ግን ዛሬም ይዘውት ይከራከራሉ። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአባታቸውን ቤት ጉዳይ ይዘው ሲመጡ፣ ከዚህ አዋጅ ጎን ለጎን ስለ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መብት የወጣውን 270/1994 ይጠይቃሉ። እነሱ ዘንድ ያለው ቅጂ ግን «2002» የሚል ነው። ሁለቱም ዓመታት ካታሎጋችሁ ውስጥ ካሉ ሁለቱም ፈላጊዎች ያገኙታል።

ለመቀየሪያ ያህል፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይደመራል። የበጀት ዓመት ግን ሦስተኛ አቆጣጠር ነው። ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል፤ ስያሜውንም የሚወስደው ከሚያበቃበት ዓመት ነው። የሐምሌ 2015 ወርኃዊ ሪፖርት የ2016 በጀት ዓመት ሰነድ ነው። ይህን ያልለየ መደርደሪያ የአንድን መሥሪያ ቤት ሪፖርቶች ሁልጊዜ አንዱን ጎዶሎ፣ አንዱን ድርብ አድርጎ ያሳያል።

የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቃል ባይጣጣሙ የአማርኛው የመጨረሻ ተቀባይነት እንዳለው ይደነግጋል። በመሆኑም ለአንባቢ ቅጂ ስትሰጡ ሁለቱንም ዓምዶች የያዘውን ገጽ ስጡ። ለግርጌ ማስታወሻ ብሎ የእንግሊዝኛውን ብቻ ቆርጦ የሚወስድ ተማሪ በኋላ ይቸገራል።

ከሕግ ወጣ ስንል ሥራውን የሚያከብደው የመሥሪያ ቤቶች ስም ነው። ስም ይለወጣል፤ ይዋሐዳል፤ ይከፈላል፤ ሚኒስቴር የነበረው ኮሚሽን፣ ባለሥልጣን የነበረው ኤጀንሲ ይሆናል። የሕዝብ ቆጠራ መጻሕፍትን ያሳተመው ተቋም በየዘመኑ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት፣ ባለሥልጣን፣ ኤጀንሲ ተብሎ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ደንቡ አጭር ነው። ሰነዱ በታተመበት ጊዜ በላዩ ላይ በነበረው ስም ይመዘገባል፤ ከቀድሞውና ከኋለኛው ስም ጋር በካታሎግ ውስጥ ይያያዛል። የድሮውን ስም ፍቆ አዲሱን መጻፍ ታሪክን ያዛባል፤ ሳያያይዙ መተው ደግሞ ስብስቡን ይበትነዋል።

የትኛው መሥሪያ ቤት መቼ ምን ተባለ የሚለውን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስኑት አዋጆች ራሳቸው ቁልፍ ናቸው፦ 4/1987፣ 471/1998፣ 691/2003፣ 916/2008፣ 1097/2011 እና 1263/2014። እነዚህን ስድስት አዋጆች ቅጂ አድርጋችሁ በአንድ ጥራዝ ማጣቀሻ ጠረጴዛው ላይ አኑሩ። የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎቻቸው ደግሞ የማን መብትና ግዴታ ለማን እንደተላለፈ ይናገራሉ። አንባቢ «ያ መሥሪያ ቤት ፈርሷል፣ ሰነዱን ማን ይሰጠኛል?» ሲላችሁ መልሱ እዚያ አለ። ይህን ጥራዝ ያዘጋጀ የማጣቀሻ ሠራተኛ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥቅሙን ያየዋል።

የቆጠራ መጻሕፍትን ካነሣን አንድ ወጥመድ ልጠቁም። አገሪቱ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 የሕዝብና ቤት ቆጠራ አድርጋለች። የሕዝቡ ቁጥር ከ42 ሚሊዮን ገደማ ወደ 53፣ ከዚያም ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ተማሪው የአንድን ወረዳ ቁጥር ከሦስቱ ጎን ለጎን አስቀምጦ ዕድገቱን ለማስላት ይመጣል። የ1976ቱ ግን የተዘጋጀው በክፍለ ሀገርና በአውራጃ ዘመን፣ ሌሎቹ ሁለቱ በክልልና በዞን ነው። ስሙ ያው የሆነ ቦታ ድንበሩ ያው ላይሆን ይችላል። መጻሕፍቱን ስታቀርቡ የየዘመኑን የአስተዳደር ካርታ አብራችሁ አቅርቡ፤ ስሌቱን ለእሱ ተዉለት።

በስም ጉዳይ የመጨረሻው የፊደልና የሰው ስም ነው። ሐመረን በሀ፣ ሠራዊትን በሰ፣ ዓለሙን በአ የሚጽፍ አንባቢ ካታሎጋችሁ ውስጥ ምንም ካላገኘ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ኮሃን የመሰሉ ሥርዓቶችን የምትጠቀሙ ከሆነ የተለያዩትን አጻጻፎች በተጨማሪ መፈለጊያነት አስገቡ፤ ወይም የኮምፒውተር ባለሙያችሁ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ያስተካክልላችሁ። የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም በራሳቸው ስም ይጀምር፤ በአባት ስም አይሁን። ከውጭ የተቀዳ የካታሎግ መዝገብ ሁለቱን ሲገለባብጥ አያለሁ፤ ሳታርሙ አታስገቡ።

ሰነድ ከየት ይገኛል? ነጋሪት ጋዜጣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ይገዛል። ክልሎች የራሳቸው አላቸው፤ የአማራው ዝክረ ሕግ፣ የኦሮሚያው መገለታ ኦሮሚያ፣ የአዲስ አበባው አዲስ ነጋሪት ጋዜጣ ይባላሉ። አንባቢያችሁ የገጠር መሬት ጉዳይ ይዞ ከመጣ የፌዴራሉ ብቻ አይበቃውም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ አስገዳጅ ስለሆነ ከ20 በላይ የደረሱት የሰበር ውሳኔዎች ቅጾች ከጋዜጣው እኩል ሊያዙ ይገባል። ቅጾቹ ሲጎድሉ ጠበቆች ወዲያው ያውቃሉ፤ ጠይቋቸው፣ አብዛኞቹ ያበድሯችኋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው መመሪያ ነው። አዋጅና ደንብ በጋዜጣ ይወጣሉ፤ ዜጋውን በየቀኑ የሚያጋጥመው መመሪያ ግን ለብዙ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ኖሯል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያዎች እንዲመዘገቡና በድረ ገጽ እንዲወጡ አስገድዷል። ይህ ለእኛ ትልቅ በር ነው። ከድረ ገጹ የምታወርዱትን መመሪያ ቁጥሩን፣ ያወረዳችሁበትን ቀንና የመሥሪያ ቤቱን የዚያን ጊዜ ስም ጽፋችሁ አስቀምጡ። መሥሪያ ቤቱ ሲዋሐድ ድረ ገጹ አብሮ ይዘጋል፤ ያኔ ቅጂው ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። በእጅ መጠየቅ ሲያስፈልግም የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። የመረጃ ጥያቄ ማቅረብ የማንኛውም ሰው መብት ስለሆነ ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢው የማመልከቻ ናሙና አዘጋጅቶ መስጠት ይችላል። ጥያቄው ሲታፈን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንዳለ ንገሯቸው።

ያልታተሙ ጥናቶች፣ የከተማ ፕላኖች፣ የወረዳ መገለጫዎችና የዓውደ ጥናት ጽሑፎች የሚገኙበት ወቅት አለ። አንዱ ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ቢሮዎች ዓመቱን ዘግተው መደርደሪያ ያጸዳሉ። ሌላው መሥሪያ ቤት ሲዋሐድ ወይም ሕንጻ ሲቀይር ነው። ያኔ ካርቶን ሙሉ ሰነድ ኮሪደር ላይ ይቆለልና በዝናብ ይበሰብሳል። ለሕዝብ ግንኙነትና ለመዝገብ ቤት ኃላፊዎች አስቀድማችሁ ስልካችሁን ስጡ። «ከመጣላችሁ በፊት ደውሉልን» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ መላክ ከብዙ ግዥ ይበልጣል።

ቦታ ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። መደርደሪያዎቻችንን የሞላው የመንግሥት ሰነድ ሳይሆን በእርዳታ የመጣ፣ ዕድሜው ያለፈ የውጭ መማሪያ መጽሐፍ ነው። የቆየ የኮምፒውተር መጽሐፍ አሥር ቅጂ በሞዴል 19 ገቢ ተደርጎ በአንድ ሠራተኛ ስም ስለተመዘገበ ማንም አይነካውም። ይጠየቁበታል የሚል ፍርሃት አለ፤ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። መፍትሔው ደብቆ መጣል ሳይሆን የጽሑፍ የማስወገጃ መመሪያ አውጥቶ በበላይ ኃላፊ ማስጸደቅ፣ በየዓመቱ ከንብረት ክፍል ጋር ዝርዝር አዘጋጅቶ ለንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ማቅረብ ነው። በዚያው መመሪያ ውስጥ እርዳታ ሲመጣ የመምረጥና «አመሰግናለሁ፣ ይህ አይጠቅመንም» የማለት መብት ይጻፍ። የመንግሥት ሰነድን በተመለከተ ግን አንድ አንቀጽ ይኑር፦ በአገር ውስጥ ሌላ ቅጂ መኖሩ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ምንም ሰነድ አይወገድም። በተለይ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ ብዙዎቻችሁ ወመዘክር የምትሉት፣ ሳይጠየቅ።

ስለ አያያዝ በአጭሩ። የሽቦ ስቴፕለር ዝጎ ወረቀቱን ይበላል፤ አውጡት። በፕላስተር አትጠግኑ። ጠባብ ተጠርዞ የታጠፈ ቅጽ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ሲጫን ወገቡ ይሰበራል፤ ስለዚህ ብዙ የሚጠየቁ አዋጆች የመገልገያ ቅጂ ይኑራቸው፣ ዋናው ይረፍ። ጋዜጣን ለፎቶ ኮፒ ብሎ ወደ ውጭ ማስወጣት ካለ ይቅር፤ አብዛኛው ጉድለት የተፈጠረው በዚህ ነው።

ስካን ስታደርጉ በኢንች ከ300 ነጥብ አታሳንሱ፤ የፋይሉ ስም ዓመቱንና የእትሙን ቁጥር በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይያዝ፤ ቅጂው በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ጽሑፉን ወደሚፈለግ ፊደል የሚቀይሩ ሶፍትዌሮች፣ ቴሰራክትን ጨምሮ፣ አማርኛ ያነባሉ፤ ቁጥርና ሞክሼ ፊደል ላይ ግን ስለሚሳሳቱ ቢያንስ የአዋጁ ቁጥር፣ ዓመቱና ርእሱ በሰው ዓይን ይታዩ። ከድረ ገጽ የምታገኟቸው የቆዩ ፒዲኤፎች ሌላ ችግር አለባቸው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ በመሆናቸው ለዓይን አማርኛ ሲመስሉ ሲፈለጉ ግን ምንም አይገኝባቸውም። አንድ ቃል ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉ፤ ትርጉም የለሽ ምልክት ከወጣ ሰነዱን እንደ ሥዕል ቆጥራችሁ እንደገና ወደ ፊደል መቀየር አለባችሁ። ይህን ሳያረጋግጡ «ዲጂታል አድርገናል» ብሎ ወረቀቱን ማስወገድ ትልቅ ጉዳት ነው።

ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። የመንግሥት ሰነዶችን በስም ለአንድ ባለሙያ ስጡ፤ ያ ባለሙያ ከሳምንቱ ሰዓት የተወሰነውን ማጣቀሻ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አንባቢን ራሱ ያስተናግድ። ለባለሙያዎቹ ደግሞ፦ የጎደላችሁን የነጋሪት ጋዜጣ ቁጥሮች ዝርዝር ይህ የበጀት ዓመት ሳያልቅ አዘጋጁና በአቅራቢያችሁ ላሉ የዩኒቨርሲቲ፣ የፍርድ ቤትና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ላኩ፤ የእነሱንም ዝርዝር ጠይቁ። አንዱ ዘንድ ሁለት ሆኖ የተቀመጠው ሌላው ዘንድ የጠፋው ነው።